«ለበጎ ነው» ከማለታችን በፊት፦ ስለ መከራና ስለ መንፈሳዊ እድገት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እትዬ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስኬድ መንገድ ላይ 30 ዓመት ጎረቤት ሆነናል። ልጃቸው በ26 ዓመቱ ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ። ሁለት ዓመት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ዲያሊሲስ ሲመላለስ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዐረፈ። ድንኳኑ መንገዷን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላት። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ የእድራችን ግማሹ ወደ ከተማው ዳር ተበትኖ ስለነበር፣ ለቀስተኛው በሁለትና በሦስት ታክሲ ነው የደረሰው።

ሦስት ቀን እዚያው ዋልኩ። ንፍሮ ሳድል፣ ሻይ ሳቀርብ፣ ሰው የሚለውን ማጽናኛ ስሰማ ነበር። ሁሉም የሚናገረው ወዶ ነው፤ እኔም ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝና ያንኑ በየለቅሶው ስል ኖሬያለሁ። የዚያን ጊዜ ግን ከእትዬ አጠገብ ስለተቀመጥኩ እያንዳንዱ ቃል ሲደርሳቸው ፊታቸውን አየሁ። አንዳንዱ ያሳርፋል፣ አንዳንዱ እንደ ድንጋይ ይወድቅባቸዋል። ቤቴ ገብቼ የሰማሁትን አንድ በአንድ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ማስተያየት ጀመርኩ።

«ምን አጥፍተው ይሆን?»

ይህን ፊት ለፊት ያላቸው የለም። ከድንኳኑ ጀርባ፣ ሻዩ በሚፈላበት ነው የተነገረው። ሁለት ሴቶች የሟቹን አባት የድሮ ታሪክ አንሥተው «የአባት ዕዳ ለልጅ» ተባባሉ።

ተረቱ ለብድር ይሠራ ይሆናል። ለእግዚአብሔር ፍርድ ግን አይሠራም፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል 18ኛውን ምዕራፍ ሙሉ የጻፈው በዚሁ ነው። የዚያ ዘመን ሰዎችም ተመሳሳይ ተረት ነበራቸው፦ አባቶች ጎምዛዛ ወይን በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ። እግዚአብሔር ከእንግዲህ ይህን እንዳትተርቱ ብሎ ከለከላቸው። ደቀ መዛሙርቱም ቢሆኑ ከእኛ አልተሻሉም። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ የጠየቁት «እንዴት እንርዳው?» ብለው አይደለም፤ የበደለው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ነው። ጌታ ሁለቱንም አማራጭ ጣለባቸው (ዮሐንስ 9)። የሰሊሆም ግንብ ተንዶ 18 ሰው በገደለ ጊዜም፣ የሞቱት ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሰ ኃጢአተኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቆ መልሱን ራሱ «አይደለም» አለ (ሉቃስ 13)።

ይህ ማለት ሰው በገዛ እጁ የሚያመጣው መከራ የለም ማለት አይደለም። የሰረቀ ይታሰራል፣ የጠጣ ጉበቱ ይታመማል። ጴጥሮስም በመልእክቱ ነፍሰ ገዳይ ወይም ሌባ ሆናችሁ መከራ አትቀበሉ ብሏል። ልዩነቱ፣ ይህን ሂሳብ ሰው ለራሱ በንስሐ ያወራርደዋል እንጂ በሌላ ሰው ድንኳን ጀርባ አይሰላም።

«እምነት ቢኖር ይድን ነበር»

የአክስቴ ልጅ ጴንጤ ነው። በእሱ ወገን ይህ ሲሰበክ ከእኔ ይልቅ እሱ ይናደዳል። በእኛም ቤት አለ፤ መልኩን ቀይሮ «ስለት ቢሳሉ ኖሮ» ይባላል።

ዕብራውያን ምዕራፍ 11ን ያነበበ እንዴት ይህን እንደሚል አይገባኝም። ምዕራፉ የእምነት ሰዎች ዝርዝር ነው። ቁጥር 34 ላይ በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡ አሉ። ሦስት ቁጥር ዝቅ ሲሉ በሰይፍ ተገድለው የሞቱ አሉ። ዝርዝሩ አንድ ነው፣ እምነቱም ያው ነው፤ ጸሐፊው ለሁለቱም ተመስክሮላቸዋል ብሎ ይዘጋል። ያመለጠውን ብቻ ቆርጠን የምንለጥፈው እኛ ነን። ጳውሎስም ቢሆን አምስት ጊዜ አንድ ሲጎድል አርባ ተገርፏል፣ ሦስት ጊዜ መርከብ ተሰብሮበታል። የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። የጳውሎስ እምነት አነሰ የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

«እግዚአብሔር ከአቅም በላይ አይሰጥም»

ይህን ሦስት ቀን ውስጥ ቢያንስ 20 ጊዜ ሰምቻለሁ። እትዬ በሁለተኛው ቀን ማታ ዝቅ ባለ ድምፅ «እንግዲያስ እኔን ማን ጠንካራ አደረገኝ ብሎ ነው የሰጠኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቃሉ የሚጠቀሰው ከ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 ነው። እዚያ ግን ጳውሎስ የሚያወራው ስለ ጣዖት አምልኮና እስራኤል በበረሃ ስለ ወደቁበት ምኞት ነው፤ ከሚቻለው በላይ የማይሆነው ወደ ኃጢአት የሚስበው ፈተና ነው፣ መውጫው አብሮ ይሰጣልና። ቋንቋችን እዚህ ላይ ትንሽ አጥምዶናል። «ፈተና» የምንለው ማትሪኩንም፣ የሰይጣንን ማባበልም፣ የቤት ኪራይ መጨመርንም ነው። አንዱ ቃል ሁሉን ሲሸከም፣ ስለ አንዱ የተሰጠ ተስፋ በሁሉም ላይ ተለጠፈ።

ስለ መከራ ሲሆን ያው ጳውሎስ ሁለተኛውን መልእክቱን ሲጀምር በእስያ የደረሰባቸው መከራ ከዓቅማቸው በላይ ያለ ልክ እንደ ከበደባቸው፣ ስለ ሕይወታቸው እንኳ ተስፋ እንደ ቆረጡ ይጽፋል። ከአቅም በላይ! ሐዋርያው ራሱ። ኤልያስም በቀርሜሎስ ተራራ ካሸነፈ በኋላ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተጋድሞ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። የመጣው መልአክ አልገሠጸውም፤ ስብከትም አልሰበከለትም። ቂጣና ውሃ አቅርቦ «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ በልቶ ተመልሶ ሲተኛም ተወው። ሁለተኛ ቀስቅሶ ያበላው መንገዱ ስለሚበዛበት ነው።

እድር የምንለው ነገር ይህንኑ ያውቃል። የእድሩ ሰዎች ለእትዬ «ይችሉታል» አላሏቸውም። ድንኳኑን ተከሉ፣ አግዳሚውን ደረደሩ፣ ውሃውን ቀዱ። አንዲት አሁን ከከተማው ዳር የምትኖር የቀድሞ ጎረቤታችን በሌሊት ተነሥታ እንጀራ ተሸክማ መጣች። እርስ በርስ ሸክማችሁን ተሸከሙ የሚለው ትእዛዝ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለው ሸክም መኖሩን አስቀድሞ ያመነ ትእዛዝ ነው።

«የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥዎት፤ አያልቅሱ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የተጎዳው እዚህ ስለሆነ።

«የኢዮብን ትዕግሥት» ስንል በልባችን የምንስለው ኢዮብ አመድ ላይ ተቀምጦ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ብሎ ዝም ያለውን ነው። ይህ ኢዮብ ምዕራፍ 1 እና 2 ላይ አለ። መጽሐፉ ግን 42 ምዕራፍ ነው። በሦስተኛው ኢዮብ አፉን ከፍቶ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ምዕራፍ ይከራከራል፣ ይጮኻል፣ እግዚአብሔር ቀርቦ እንዲመልስለት ይጠይቃል። ያዕቆብ በመልእክቱ የኢዮብን ትዕግሥት ሲያነሣ ይህን ሁሉ አንብቦ ነው። እንግዲህ ትዕግሥቱ ዝም ማለቱ አይደለም። እየጮኸም ፊቱን ከእግዚአብሔር አለማዞሩ ነው።

ሦስቱ ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሲመጡ አጀማመራቸው ያማረ ነበር። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንድ ቃል የተናገረው የለም። ያበላሹት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። የሚናገሩትን ለብቻው ብትወስዱት ጥሩ ስብከት ይወጣዋል፦ እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፣ ኃጢአተኛን ይቀጣል፣ ንስሐ ግባ። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። የጮኸው ቅን ተናገረ ተባለ። እግዚአብሔርን ሲከላከሉ የዋሉት ደግሞ ኢዮብ እንዲጸልይላቸው ተላኩ።

ስለ ልቅሶ ከሆነ፣ ጌታ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አለቀሰ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ። በመስቀል ላይ የጮኸው «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ» ከዳዊት የተወሰደ ጩኸት ነው። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ለሐዘን ሙሉ ሰሙነ ሕማማት ሰጥታለች፤ ያ ሳምንት የሚያልፈው በስግደትና በኪርያላይሶን ነው፣ ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። ለቤተሰብ ሐዘንም የቀን መቁጠሪያ አለን፦ ሠልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ይህን የሠሩ አባቶች ሐዘን በሦስት ቀን የማያልቅ መሆኑን ያወቁ ናቸው። ለቀስተኛው ግን በአራተኛው ቀን «አሁንማ በቃሽ» ይላል።

እትዬ ከቀብሩ በኋላ አምስት ወር መጸለይ አቃታቸው። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ፣ አንድ ቃል አይወጣቸውም። ኃጢአት ሠራሁ ብለው ለንስሐ አባታቸው ነገሩ። እሳቸውም አልተቆጡም፤ «አንቺ ካቃተሽ ዳዊት ይጸልይልሽ፤ የዕለቱን ድርሻ ብቻ አንብቢ» አሏቸው። ዳዊትን በየዕለቱ ከፋፍሎ የሚያነብ ሰው ሐሙስ ከ81 እስከ 110 ያለውን ያደርሳል። በመካከሉ 87ኛው መዝሙር አለ (በሌላው አቆጣጠር 88)። አብዛኞቹ የሐዘን መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይታጠፋሉ፤ ይሄኛው አይታጠፍም። ወዳጆቼንና ዘመዶቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ እዚያው ያበቃል። እትዬ «ይህን ሳነብ እኔ ብቻ አይደለሁም አልኩ» አሉኝ። ከአምስት ወር በኋላ የመጀመሪያ ጸሎታቸው ይህ ሆነ፤ ምስጋና የሌለበት መዝሙር። እድገት የሚባል ነገር ካለ እኔ ያየሁት የዚያን ሐሙስ ነው።

«መከራ ያስተምራል»

ይህ ከሁሉ የሚታመነው ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ሮሜ 5 «መከራ ትዕግሥትን እንዲያደርግ፥ ትዕግሥትም ፈተናን ፈተናም ተስፋን እንዲያደርግ» ይላል። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለሁ «ትዕግሥት እንዴት ፈተና ያመጣል?» ብዬ ተጨንቄ ነበር። እዚህ «ፈተናን» የተባለው ተፈትኖ መገኘት ነው። የወርቅ ቋንቋ ነው፤ ፒያሳ ላደገ ሰው ደግሞ ለማስረዳት የሚቀል የለም። የወርቅ ቤቱ ሰው ያመጣችሁትን ቀለበት ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈተግ አድርጎ አሲድ ጠብ ያደርግበታል። አሲዱ ነሐሱን ወርቅ አያደርገውም። ምን እንደሆነ ያሳያል።

ስለዚህ መከራ በራሱ አስተማሪ አይደለም። ከጌታ ጋር የተሰቀሉትን ሁለቱን ወንበዴዎች ተመልከቱ፦ ፈያታዊ ዘየማንና ፈያታዊ ዘጸጋም፣ የቀኙና የግራው። ወንጀላቸው አንድ፣ ችንካሩ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ከክርስቶስ ያላቸው ርቀት እንኳ እኩል። አንዱ «በመንግሥትህ አስበኝ» አለ። ሌላው ተሳደበ። መከራው አስተማሪ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አንድ ትምህርት በተማሩ ነበር። በሰፈርም ያለ ነገር ነው፦ በአንድ እሥር ቤት፣ በአንድ ዘመን ቆይተው አንዱ ለሰው የሚራራ ሆኖ ሲወጣ ሌላው ለሚስቱና ለልጆቹ እንኳ የማይመለስ ሆኖ ይወጣል።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ይህንኑ ይላል፤ እዚህ ላይ «ስደት ቤተ ክርስቲያንን ሁልጊዜ ያበዛታል» የሚለውን አብሬ ላንሣ። ጎረቤታችን ኑቢያ (የዛሬዋ ሱዳን አካባቢ) ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን ነበረች፤ እንደ እኛው ጳጳስ ከእስክንድርያ ይላክላት ነበር። ዛሬ የቀረው ከአሸዋ ሥር የወጣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። በእኛም አገር ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በነበረው የግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ ሰው እምነቱን ለውጧል። ክዶ ለተመለሰ ሰው የሚነበብ መጽሐፈ ቄደር የሚባል ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን ያላት በከንቱ አይደለም። መከራ ሲመጣ ሁሉም ሰማዕት እንደማይሆን ታውቃለች። እኔ ይህን መጽሐፍ ስለ ሰው ድካም ከተጻፉት ሁሉ ርኅሩኁ ነው ብዬ እቆጥረዋለሁ፤ ወድቆ የመጣን ሰው «ለምን ወደቅህ» ብሎ ደጅ አያስቀረውም።

በተቃራኒው የጴንጤዎቹን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ውሰዱ። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ሲዘጋት አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ መሪዎቿ ታስረው ከአራት ዓመት በላይ ቆዩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ስትከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆና ተገኘች። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲናገር ደርግን ሊያመሰግነው ምንም አይቀረው፤ እኔ ግን አቋርጠዋለሁ። ያበዛቸው እስሩ ሳይሆን ከበሩ መዘጋት በኋላ ያደረጉት ነው፦ በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሆነው ተሰበሰቡ፣ መድረክ ያልወጣው ምእመን ማስተማር ጀመረ፣ ሴቶች ቡድን መሩ፣ የታሰረውን ቤተሰብ ተጋግዘው አኖሩ።

«መስቀልሽ ነው፤ ቻዪው»

በዚያው ድንኳን ውስጥ ነጠላዋን ጉንጯ ድረስ የሳበች ወጣት ሴት ነበረች። ነጠላው የሸፈነውን ሁላችን እናውቃለን፤ ባሏ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት ወደ እትዬ እያመለከቱ «ይሄ ነው መከራ፤ ያንቺን መስቀሌ ነው ብለሽ ቻዪው፣ ያሳድግሻል» አሏት።

ወሩ ጥቅምት ነው ብያለሁ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን የጽጌ ጾም ነው፤ ቅዳሜ ሌሊት የማኅሌቱ ድምፅ ከጊዮርጊስ እስከ ድንኳኑ ይሰማ ነበር። በማኅሌተ ጽጌ የሚታሰበው ምንድን ነው? እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ መሸሿ። አርባ ቀን ሙሉ፣ በየዓመቱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሽሽትን በአበባ አጅባ ትዘምራለች። መልአኩ ዮሴፍን «ታገሥ» አላለውም፤ «ተነሣ፣ ሽሽ» ነው ያለው። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን በአንዲቱ ከተማ ሲያሳድዷችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ ብሏቸዋል። ጳውሎስ ከደማስቆ ቅጥር በቅርጫት ወርዶ አምልጧል፤ ሊገርፉት ሲያስሩት የሮም ዜግነቱን አንሥቶ ተከራክሯል፤ ፍርድ ሲጣመምበት ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ይግባኝ ማለት ትዕግሥት ማጣት ከሆነ ጳውሎስ ትዕግሥት አልነበረውም ማለት ነው።

«አቡነ ጴጥሮስስ?» ትሉኝ ይሆናል፤ ሐውልታቸው ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም። በሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ለፋሽስት አልገዛም ብለው በጥይት ተደብድበው ሞቱ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው አልሄድም ብለዋል፤ በሐምሌ 1971 ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። እውነት ነው፣ ቆመው የሞቱ አሉ። ሁለቱም ግን መስቀሉን የወሰዱት ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው አንሥቶ አልጫነባቸውም። የወሰዱትም ስለ መንጋቸው ነው። ባል በቡጢው የሚጭነው ነገር መስቀል አይባልም፤ ስሙ ድብደባ ነው። ልጅቱን ከሠልስቱ በኋላ ያገኘኋት አክስቷ ቤት ነው።

«ጸበል ከያዙ መድኃኒት መተው ነው»

ይህን አጠር አድርጌ ልለፈው፤ መልሱ ስለታወቀ። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አገር ውስጥ መሰጠት በጀመረበት ዘመን እንጦጦ ጸበል የሄዱ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን አቋርጠው ነበር። አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደማይጋጭ በይፋ ተናገሩ። ሲራክ 38 ባለ መድኃኒትን አክብረው፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላል፤ መጽሐፉም ከሰማንያ አሐዱ አንዱ ነው። የእትዬ ልጅ ማለዳ ጸበል ጠጥቶ ረፋድ ላይ ማሽኑ ላይ ይተኛ ነበር። እምነቱ የጎደለው ከየትኛው ነው?

መከራን ፈልጎ መለመንም ያው ስሕተት ነው። በየቀኑ አባታችን ሆይ ስንል «ወደ ፈተናም አታግባን» እንላለን።

«ለበጎ ነው»

ይህን ያላለ ሰው አልነበረም። እኔም ብያለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት።

ሮሜ 8፥28 እግዚአብሔርን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ እንዲደረግ ነው የሚለው። ነገሩ ሁሉ በጎ ነው አላለም። ሞት በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ጠላት ተብሏል፤ የኋለኛው ጠላት። የ28 ዓመት ልጅ መሞት በጎ አይደለም። እግዚአብሔር ከክፉው ነገር ውስጥ በጎ ሊያወጣ ይችላል፤ ያ ግን ክፉውን በጎ ነው ብሎ ከመጥራት ይለያል።

ለዚህ ዮሴፍ ይጠቀሳል፤ እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው ብሎ የለ? ብሏል። መቼ አለው የሚለውን ግን ቁጠሩት። ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር። በፈርዖን ፊት ሲቆም 30። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው ረሃቡ ሁለት ዓመት ሲሆነው፣ በ39 ዓመቱ፣ ለወንድሞቹ ተገለጠ። «ለመልካም አሰበው» ያለው ደግሞ አባታቸው ያዕቆብ ግብፅ ውስጥ 17 ዓመት ኖሮ ከሞተ በኋላ ነው። ከጉድጓዱ እስከዚያች ቃል 39 ዓመት ገደማ አለፈ፤ በመካከሉም ዮሴፍ ደጋግሞ አልቅሷል። ደግሞስ ማን ነው ያለው? ራሱ የተሸጠው። ወንድሞቹ በጉድጓዱ አፍ ቆመው «አይዞህ ዮሴፍ፣ ለበጎ ነው» ቢሉት ኖሮ ያው ዓረፍተ ነገር ስድብ በሆነ ነበር።

እትዬ ዛሬ ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስን ይስማሉ፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ቴርሞስ ሙሉ ሻይ ይዘው ልጃቸው ይታከምበት ወደነበረው ቦታ ይሄዳሉ። አስታማሚዎቹ አራት ሰዓት ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ፣ ሻይ ለመግዛት ወጥተው መመለስም እንደሚፈሩ ያውቃሉ። አንድ ሐሙስ አብሬያቸው ሄድኩ። ባሏ ማሽኑ ላይ የተኛ አንዲት ሴት ታሪካቸውን ሰምታ እጃቸውን ያዘችና «አዩ፣ እግዜር ልጅዎን የወሰደው ለዚህ ነው፤ እኛን እንዲያጽናኑ» አለቻቸው።

እትዬ እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡ። «ለዚህ ከሆነ እኮ ልጄ፣ ሻዩን እሱ እያለም አፈላው ነበር» አሏት። ቴርሞሱን ከፈቱና ስንት ስኳር እንደምትፈልግ ጠየቋት።